ጉዳዩ፦ ታስሮ ሳያድር ስለተለቀቀው የፓራፋንጎ ልጥፍ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ተክለሃይማኖት፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የመኪናዬን የዲኤክሷን ነገር፣ ማለትም የዛገው ፓራፋንጎዋ (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ላሜራ) ተቆርጦ አዲስ ላሜራ በሙጫ እንዲለጠፍበት መስማማታችንን፣ ከመጀመሪያው መተረክ አያስፈልግም፤ ፕሮፎርማውም የከፈልኩት 18,500 ብርም እናንተ ዘንድ አለ። ለአራተኛ ጊዜ «ነገ ደውል» ከተባልኩ በኋላ ግን ጉዳዩን በጽሑፍ ማድረግ ግድ ሆኖብኛል።

ኅዳር 9 ቀን ጠዋት ፎርማናችሁ የግራውን የኋላ ፓራፋንጎ እያሳየኝ፣ «ሙጫው ከተቀባ በኋላ እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት በክላምፕ ታስሮ ያድራል፤ ለብርዱም አምፖል እናበራበታለን» ብሎ ቃል ገባልኝ። በብየዳ ፈንታ ሙጫ የመረጥነው ተመካክረን ነው። የነዳጅ መሙያው እዚያው ጎን ነው። ላሜራውም 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ እሳት ሲነካው ይሸበሸባል፤ የጀርባው ቀለም ተቃጥሎም ዝገት ከውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ ቅሬታዬ በሙጫው ላይ አይደለም። በደንብ ከተሠራ ከብየዳ የማያንስ ሥራ ነው።

በዚያው ቀን 11 ሰዓት ላይ «መኪናህ አልቃለች፣ ናና ውሰድ» ተብሎ ተደወለልኝ። ስደርስ ላዩን የሚያስተካክለው ስቱኮ ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ጠበቀኝ። መቼ እንደተለጠፈ ብጠይቅ ፎርማኑ «ከምሳ በፊት» አለ። «ወንድሜ፣ ታስሮ ያድራል ተባብለን አልነበር?» ስለው ላሜራውን በጣቱ አንኳኳና፣ «ይኸው፣ ድንጋይ ሆኗል። ሙጫ ሙጫ ነው። አንተ ነህ እንዴ ሥራዬን የምታስተምረኝ?» አለኝ፤ ያውም ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ገንዘቡን ለከፈለ ደንበኛ እንዲህ አይመለስም።

ድንጋይ አልሆነም ነበር። ባዶውን የሙጫ ቱቦ ከኋላ ወንበር ሥር ትታችሁት ስለነበር እጄ ላይ አለ፤ በ21 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር 24 ሰዓት እንደሚፈልግ ተጽፎበታል። በኅዳር ብርድ ጊዜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ላዩ ሲነካ የደረቀ የሚመስል ሙጫ ውስጡ ገና እየተያያዘ ነው። በዚያ ሰዓት ክላምፑ ተፈትቶ ላሜራው ሲፈተግ፣ መኪናውም ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ጠርዙ ይላቀቃል። ሙጫ ጎን ለጎን የሚጎትተውን ኃይል በብርቱ ይችላል፤ ከጠርዝ ጀምሮ የሚልጠውን ግን አይችልም።

በአሥረኛው ቀን ከጎማው በላይ ያለው የታችኛው ጥግ ተነሳ። ጥፍሬን ሳስገባበት ያለ ምንም ትግል ተገለጠ። በሙጫው ጀርባ ላይ ቡናማ ዝገትና የአሮጌው ቀለም ቅርፊት እንደ ማኅተም ታትሞበታል። ሙጫው አጥብቆ የያዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ደግሞ ብረቱን ለቋል። ሙጫው ተደባልቀው የሚጠነክሩ፣ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ አጠገብ ሁለቱ ቀለማት ያልተዋሃዱበት አንድ መስመር አለ፤ እስከ ዛሬ ጣት ላይ ይጣበቃል። ይህም የሆነው ሁለቱን ከሚደባልቀው አዲስ የቱቦ አፍንጫ መጀመሪያ የወጣው ሙጫ ሳይደፋ በቀጥታ ላሜራው ላይ ስለተቀባ ነው።

ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ፎርማናችሁ እንደሚያውቅ እገምታለሁ። ዝገቱ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ልጥፉ ዙሪያውን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲደራረብ ይደረጋል። ሁለቱም ፊት በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈተግና በንጹሕ ጨርቅ ቅባቱ ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካም። ሙጫው በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀባል፤ ሳይሸፈን የቀረ ብረት መልሶ ይዝጋልና። ክላምፑም ቢሆን ልክ አለው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሙጫውን ጨምቆ ያወጣዋል። በመጨረሻም ጀርባው ሰም ወይም ቅባት ይረጭበታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተሠራው ቆርጦ መለጠፍ ብቻ ነው።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ የመርገጫውንም ልጨምር። ከግራው በር ሥር ያለው በብየዳ እንደሚሠራ ፕሮፎርማው ላይ በተናጠል ተጽፎ ተከፍሎበታል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ሳንሸራትትበት ከፊት በኩል ይይዛል፤ ክሪክ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን አንድ ስንዝር ያህል ምንም አይይዝም። ሥሩ ፋይበርና ስቱኮ ነው። ፓራፋንጎ ቢላጥ መልክ ይበላሻል፤ መርገጫ ግን የቦዲውን ክብደት የሚሸከም፣ ከጎን ሲመታም የሚመክት ክፍል ነው። ጎማ ለመቀየር ክሪክ ቢገባበት ይደረመሳል፤ ከሥሯ ሰው ቢኖርስ? ይህን አይታችሁ በስቱኮ መሸፈናችሁ ከፓራፋንጎው ይልቅ አሳዝኖኛል።

የክሪኩ እጀታ አልተመለሰልኝም። ወንበሮቹ ሳይሸፈኑ ስለተፈተገ የስቱኮው ብናኝ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። የተሰጠኝ ደረሰኝም «ቦዲ ሥራ» ከማለት በቀር ምን እንደተሠራ አይናገርም።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት ፓራፋንጎው እንደገና እንዲሠራ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ሌላ መርገጫው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ አዲስ ላሜራ እንዲበየድልኝ፣ ይህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሆን እጠይቃለሁ። መርገጫውን ሸፍኖ የለቀቀው ሰው እጁን እንዳያስገባበት። እስከ ኅዳር 30 ካልተጀመረ የከፈልኩት ሙሉ ገንዘብ ይመለስልኝ፤ ካልሆነም ፎቶውን፣ ቱቦውንና ፕሮፎርማውን ይዤ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናዋን አመጣለሁ። ስቱኮው ሲፋቅ እርስዎም አብረውኝ ቆመው እንዲያዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት
(የሰሌዳ ቁጥሯ በፕሮፎርማው ላይ ይገኛል)