አባዬ፣ ገብሱ ታጨደ ወይ?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አዲስ አበባ ከገባሁ አንድ ወር ከአሥር ቀን ሆነኝ፤ የትርጉም ሥራው በቅርቡ ያልቃል ብለውናል። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ «አያቴ ሳያየው አይጣልም» ብሎ በቡና ስኒ ውስጥ አስቀምጦታል። ትልቋ ፈተና ላይ ናት፤ ስትጨርስ እርስዎ ዘንድ መጥታ ልታድር ቃል ገብታልኛለች።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን እባክዎ አይዝለሉ። የሰኞና የማክሰኞው ክኒን ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ እንዳገኘችው ታናሼ ደውላ ነግራኛለች። ምድጃውንም አብርተው ወጥተው ነበር አሉ። እስክመጣ ድረስ ቡናውን እሷ ታፍላልዎ።

ባለፈው እሑድ፣ እርስዎ በ1983 ዓ.ም. ሲመላለሱበት የነበረውን የእስራኤል ኤምባሲ በር ፍለጋ ወጣሁ። የነገሩኝን ምልክት ሁሉ ይዤ ነበር፤ ሠፈሩ ግን ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ቦታው ይሁን አይሁን ሳላውቅ አንድ ረጅም የግንብ አጥር አጠገብ ቆምኩ። ከጎንደር መጥታችሁ በኪራይ ክፍል ተፋፍጋችሁ የከረማችሁትን አሰብኩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 16፣ ዕቃ አይያዝ ተባለ። ኪስዎ ውስጥ የቀረውን ብር በር ላይ ትተው፣ ግንባርዎ ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ታናሼን ታቅፈው ወደ እስራኤል ሄዱ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው! ይህን በየዓመቱ በስግድ በዓላችን ይነግሩናል፤ ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ የምጠይቅዎ ከዚያ በፊት ስለሆነው ነው።

ከዚያ በፊት ኤምባሲ አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ እስራኤልና ዓረቦቹ ጦርነት ላይ ሳሉ፣ ኢትዮጵያም እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ግንኙነቷን አቋረጠች። እስከ ጥቅምት 1982 ዓ.ም. ድረስ፣ 16 ዓመት ሙሉ፣ በሩ እንደተዘጋ ነበር። እኔ የተወለድኩትም ከቤት የወጣሁትም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። አምባሳደር ባይኖርም ግን ከእስራኤል ለደርግ መሣሪያ ያልፍ ነበር። በዚያው ሰበብ ወደ 120 የሚሆኑ ወገኖቻችን፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ተሻግረዋል፤ በ1970 ዓ.ም. የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ነገሩን በአደባባይ ሲናገሩ ደርግ እስራኤላውያኑን አባረረና እሱም ቀረ። ጥይት መንገድ ሲያገኝ የአንዲት ሕፃን ደብዳቤ መንገድ ማጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር። ይህን ነግሬዎ አላውቅም። በ1978 ዓ.ም. ከአዳሪ ትምህርት ቤት ኢየሩሳሌምን ሊያሳዩን ወሰዱን። በነቢያት መንገድ ስናልፍ ቀና ብል፣ በአንድ ትልቅ ቤት ግንባር ላይ የይሁዳ አንበሳ፣ ከእሱም ጋር የእኛው ፊደል። ቤቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራና ግንኙነቱ እስኪቋረጥ የኢትዮጵያ ቆንስላ የነበረበት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ፊደሉ ብቻ ነበር። ፊደሉ ካለ ጎንደርን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ፤ «አባዬ፣ ገብሱ ታጨደ ወይ?» ብዬ ጽፌ፣ ስምዎንና የመንደራችንን ስም ከላይ አድርጌ በበሩ ሥር አስገባሁት። መልሱን እስከ ፋሲካ ድረስ ጠበቅሁ።

ወደ ሱዳን ሲሸኙኝ «ገብሱ ሲታጨድ እደርስባችኋለሁ» ብለውኝ አልነበር? የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጎቴን ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ ስንቀብር እንኳ፣ አባቴ ሲመጣ መቃብሩን የማሳየው እኔ ነኝ እያልኩ ድንጋዩን ምልክት አድርጌበታለሁ። አሁን የመንግሥታቱን ነገር ተረድቼዋለሁ። አያቴ ከአልጋ እንዳልተነሳችም አውቃለሁ። ግን እንደማይመጡ ያን ጊዜም ያውቁ ነበር? አክስቴ አዎ ትላለች። ታናሼን አስቀርተው እኔን ለምን መረጡ?

በ2004 ዓ.ም. የአምቦበሯ በላይነሽ ዘቫድያ በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ስትሾም፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥተው ቆመው እልል ሲሉ ከኩሽና ሰማሁዎ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከልቤ ነው የምልዎ። ግን እሷም በልጅነቷ ከዚያው አገር የወጣች ናት፤ ዞረው እኔንም ያያሉ ብዬ ጠበቅሁ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ወደ ወጡ ተመለስኩ።

በ1983 እናንተ ያረፋችሁበት ሆቴል ድረስ መጥቼ ስፈልግዎ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ስምዎን ነገርኩዎ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ባለፈው ሐሙስ በስልክ ያንኑ ሲጠይቁኝ፣ «አይሰማም፣ መስመሩ ተበላሸ» ብዬ ዘጋሁ። መስመሩ ደህና ነበር፣ አባዬ። ፈርቼ ነው።

አልተቆጣሁዎትም። ደግሞ ተቆጥቻለሁ፤ ለእርስዎ ልዋሽ አልችልም። ጉልበትዎ ላይ ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩ ልጅዎ ነኝ፤ ያ ፊደል እንጀራዬ ሆኖኛል። ትዝ ሲልዎ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ታናሼን ቀስቅሰው ይንገሯት፤ እንዳለ ትጻፈው። ይህን ስታነብልዎ ብታለቅስ አይቆጧት፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

የሐኪሙ ቀጠሮ በ24 ነው። እኔ በ21 እገባለሁና አብረን እንሄዳለን፤ ያለ እኔ እንዳይሄዱ። በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ይዣለሁ። ለበሶ የሚሆን ገብስም ገዝቻለሁ፤ ሻጯ የጎንደር ነው ብላኛለች።

ልጅዎ