ግድግዳው በወደቀ በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ለላኩልኝ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎንና የመሥሪያ ቤትዎን መጠሪያ እዚህ አልጽፍም። እርስዎ ግን እኔን ያውቁኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ አራቱም የመዝገብ ቤትዎ ማኅተምና ቁጥር አላቸው። ለአንዱም በጽሑፍ መልስ አላገኘሁም። ከእርስዎ የደረሰኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ኮሪደር ላይ ቆሜ ተራ አልጠብቅም፤ የምለውን ሰው ሁሉ እየሰማ እላለሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ ያለው ቤታችን የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። ያረፈው ጊዲር ነደባ ላይ ነው፤ የሰባ አራት ዓመቷ እናቴ ፍራሿን ዘርግታ የምትተኛበት መደብ ላይ። ዛሬ በሕይወት ያለችው ለኪዳን ወደ መድኃኔዓለም ሄዳ ስለነበረ ብቻ ነው። ስትመለስ የሰፈራችን አፎቻ፣ እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበራችን፣ ሰዎች በአካፋ አፈር ሲያወጡ ደረሰች። ትራሷን ከድንጋይ ሥር ስስበው አየችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ረፋድ ድረስ ቃል አልወጣትም።

በማግስቱ ከእርስዎ ዘንድ ሁለት ሠራተኞች መጡ። እውነቱን ልናገር፣ ሳያቸው እፎይ አልኩ። ማመልከቻዬ በመጨረሻ ታይቶ ነው ብዬ አመንኩ። ፎቶግራፍ አነሱ፤ ሜትር ዘርግተው ለኩ፤ ከዚያ አንደኛው "ማን ነው ያፈረሰው?" አለኝ። በሦስተኛው ቀን "በቅርስነት የተያዘን ቤት ያለ ፈቃድ በማፍረስዎ" የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማብራሪያ ካላቀረብኩ በሕግ እንደምጠየቅ ይገልጻል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት።

ማብራሪያዬ ይኸው።

የሐረር ቤት፣ እኛ ጌ ጋር የምንለው፣ እንዴት እንደሚቆም እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ጣሪያው የእንጨት ወራጅ ተደርድሮ፣ ጭራሮ ተነጥፎበት፣ በላዩ አፈር ተደልድሎ የተጠቀጠቀ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሳይነኩት የሚኖር ቤት አይደለም። ከክረምት በፊት የጣሪያው አፈር እንደገና መጠቅጠቅ አለበት፤ የተሰነጠቀው በጭቃ መመረግ፣ ውጪው በኖራ መቀባት አለበት። እዚህ ግንብ ውስጥ ያሉት ቤቶች ለእኛ የደረሱት በየዓመቱ የሚነካካቸው ሰው ስለነበረ ነው። ሰው እጁን የሰበሰበበት ቤት በጥቂት ክረምት አፈር ይሆናል።

እኔ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። በመጀመሪያው ማመልከቻ ሁለት የበሰበሱ ወራጆችን ለመቀየርና የጣሪያውን አፈር ለማደስ ፈቃድ ጠየቅኩ። ፎቅ ልሥራ አላልኩም፤ ብሎኬት ልገንባ አላልኩም። የአሮጌውን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ አግኝቼ ነበር። የተሰጠኝ መልስ በቃል ነው፤ "ቅርስ ነው፣ አይነካም" ተባልኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ማመልከቻ ግድግዳው ማበጡን ከነፎቶግራፉ አያያዝኩ፤ ባለሙያ ይላካል ተብሎ ማንም አልመጣም። አራተኛውን በሰኔ ሳስገባ "እናቴ የምትተኛው ከዚህ ግድግዳ ሥር ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። ቃሉ አሁንም እፋይልዎ ውስጥ ነው፤ አውጥተው ያንብቡት።

ግድግዳውን ያራሰው ውኃ ከየት እንደመጣም ልንገርዎ። ጎረቤቴን ለመክሰስ አይደለም፤ በደጉም በክፉውም ቀን አብረውን የነበሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሌሊት መጀመሪያ አካፋ ይዘው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ሰባት ልጆች አሏቸው፣ ሁለቱ አግብተው እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ግንቡ የሚከበው 48 ሄክታር ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚሰፋ ቤት የለም። እሳቸውም እንደ እኔ ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ እንደ እኔ ተከለከሉ። እኔ ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኩ። እሳቸው ተስፋ ቆረጡና በሌሊት ብሎኬት አስገብተው ከላይ አንድ ክፍል ሠሩ። የዚያ ክፍል ቆርቆሮ ውኃውን የሚያፈሰው በጋራ ግድግዳችን ላይ ነው። ብሎኬቱ ከዋናው መንገድ ይታያል፤ ሠራተኞችዎ በየሳምንቱ በሥሩ ያልፋሉ። ፈቃድ ጠይቆ የጠበቀ ሰው ቤት ወደቀ፤ ማስጠንቀቂያውም የደረሰው ለጠየቀው ሰው ነው። ከዚህ በኋላ በሰፈራችን ቢሮዎ መጥቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሚገኝ ይመስልዎታል?

ሕጉን አላውቅም እንዳይሉኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ለጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት እንዳለበትም ይናገራል። ሁለቱን አብረው ያንብቧቸው። እንድጠግን ግዴታ ተጥሎብኛል፤ ለመጠገን ግን የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ፈቃዱን የያዘው ሰው ዝም ሲል ግዴታዬን በምን ልወጣው? ይኸው አዋጅ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን በመሸፈን ሊረዳ እንደሚችልም ይላል። እኔ ገንዘብ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አንዲት ፊርማ ነው።

ቤቱን የገዛነው በ2011 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው ገንዘብ እህቴ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። ተዋዋልን፣ የስም ዝውውር ፈጸምን፣ የተጠየቅነውን ክፍያ ሁሉ ከፈልን፣ ካርታ ተቀበልን። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ቅርስ የሚል አንድ ቃል የለም። ቤቱ ቅርስ መሆኑን የሰማሁት ልጠግነው በጠየቅኩ ዕለት ነው። ብነገርም ኖሮ እገዛው ነበር፤ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከዱክ በር ውጭ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች እየሄድኩ አንድ ቀን እዚህ እኖራለሁ የምል ሰው ነኝ። ነገር ግን ምን እንደምገዛ የማወቅ መብት ነበረኝ።

ደግሞም ይህን ያስቡ። በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገዢ የሚገዛው ከላዩ ያለውን ቤት ነው። እኛ ገዛን የምንለው ያንን ድንጋይ፣ ያንን ጭቃ፣ ያንን ወራጅ ነው። እሱ ሲወድቅ የእህቴ ስምንት ዓመት አብሮ ይወድቃል።

በግቢያችን ምዕራብ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሰው የቀበሌ ቤት የሆኑ ናቸው። ጣሪያቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። እዚያ የሚኖሩት ባልና ሚስት ቤቱ የእነሱ ስላልሆነ አይጠግኑትም፤ የሚያከራያቸውም አካል ሲጠግነው አላየሁም። የእኛን ግማሽ ብናድስ እንኳ ውኃው ከዚያኛው ግማሽ ይገባል። ይህንንም በሦስተኛው ማመልከቻ ገልጬ ነበር።

ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1998 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም፤ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶችና የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው። እንግዳ ሲመጣ በስፌት ወደተሸለመ አንድ ያማረ ቤት ወስዳችሁ ነደባውን ታሳያላችሁ። የእኔም ቤት እንደዚያው ያለ ነደባ ነበረው። አሁን ፍርስራሽ ተከምሮበታል፤ ፍርስራሹንም እንዳላነሳ በደብዳቤዎ ከልክለውኛል። እናቴ ከበልግ በፊት ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ዛሬም በዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ትተኛለች።

የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ነው። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ያንሱ። አራቱን ማመልከቻዎቼን ተቀብሎ ባለሙያ ያልላከው ማን እንደሆነ አጣርተው ያሳውቁኝ። ወራጅ መቀየርንና ጣሪያ ማደስን ቤት አፍርሶ ከመገንባት ለዩት፤ በዚያው በአሮጌው ዕቃና በአሮጌው አሠራር ለሚጠግን ሰው በቀናት ውስጥ መልስ ስጡ፤ ካልፈቀዳችሁም ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡ።

ግድግዳው ወድቆ የተከፈተውን ቦታ በሸራ ሸፍኜዋለሁ። የጣሪያው ሦስተኛ ወራጅ ከትናንት ወዲያ ተሰንጥቋል። ይህ አምስተኛ ማመልከቻዬ ነው፤ ቀኑንና የዚህን ወራጅ ነገር እንዲመዘግቡልኝ እጠይቃለሁ።

የጀጎል ነዋሪ፣
ሐረር