እባክዎ፣ ከመርጨትዎ በፊት ቅጠሉን ይገልብጡ

ለወረዳችን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ከቀለበት መንገዱ ወዲያ፣ አዲስ አበባ አልቃ እርሻ በሚጀምርበት ዳርቻ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ 11 እግር ሎሚ አለኝ።

ባለፈው መጋቢት የመርጫ መሣሪያ ያዘሉ ልጆች መጡ። ዘመቻ ነው አሉ። ሎሚዎቼ ላይ ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ተባይ፣ ስኬል የሚባለው፣ ተለጥፎ ነበር። ቅጠሉም ጥላሸት ለብሷል። አዘኑልኝ፣ ረጩ፣ አስፈርመውኝ ሄዱ። ልጆቹን አልወቅስም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት።

የቆጨኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ማጉያ መነጽር ይዤ ዛፎቹ ሥር ስገተር ነበር። ጎረቤቶቼ «ምን ጠፋብሽ?» እስኪሉኝ ድረስ። በጥር ያየሁት ተባዩን ብቻ ነው። በየካቲት አንዳንዱ ስኬል መጥቆር ጀመረ። በመጋቢት ከጠቆሩት ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ነበራቸው። ያ ቀዳዳ ተርብ የወጣችበት ነው።

ተርብ ስል ልጆች የሚሸሿትን አያስቡ። ይህቺ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ሰው አትነድፍም። እንቁላሏን ስኬሉ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከውስጥ እየበላ ያድግና ጀርባውን በስቶ ይወጣል። ሜታፊከስና ኮኮፋገስ የሚባሉት ተርቦች ኑሯቸው ይኸው ነው። የምትበዛው ምግቧ ሲበዛ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ከተባዩ ኋላ ትደርሳለች። ዛፉ በጣም የከፋ በሚመስልበት ወር እሷ ገና ሥራ መጀመሯ ሊሆን ይችላል። ዘመቻችሁም የሚመጣው ልክ ያኔ ነው!

መድኃኒቱ በማን ላይ እንደሚበረታ ያስቡት። ያደገችው ስኬል ቅርፊቷ ይጋርዳታል፤ ልጆቿንም እሥሯ ሸሽጋ ነው የምትወልደው። ተርቧ ግን ቅጠል ለቅጠል ስትዞር የተረጨውን ረግጣ ታልቃለች። እኔ ጋ ሰኔ ሲገባ ስኬሉ ብሶበት ተመለሰ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ብርቱካን ላይ ዲዲቲ ሲረጩ፣ ከአውስትራሊያ በመጣች ጥንዚዛ ለአሥርት ዓመታት ተገትቶ የኖረ ስኬል እንደገና ወሯቸዋል።

ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ተርብ ተለቃ ነው ካሳቫን ሲያወድም የነበረው የስኬል ዘመድ የተገታው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የእኛዋ ማንም ሳያመጣት ጓሮ ውስጥ አለች።

መርጨት ጭራሽ ይቅር አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ እንደታየው የማንጎ ነጭ ስኬል ያለ ከውጭ የገባ ተባይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማጉያ ይሰጠው። ቅጠሉን ገልብጦ፣ ቅርንጫፉን አይቶ፣ የጠቆረና የተበሳ ስኬል ከበዛ ያንን ዛፍ ይለፈው። ጉንዳን ግንዱን ከወረረው መጀመሪያ ጉንዳኑን ያግድ፤ የስኬሉን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚወጣው፣ ተርቧንም ያባርራል። የግድ ከሆነ ደግሞ ከጠንካራው መድኃኒት በፊት የሳሙና ውኃ ይሞከር።

የዘንድሮው ዘመቻ ቀን ከመቆረጡ በፊት አንድ ባለሙያ ይላኩልኝ። መነጽሩ እኔ ጋ አለ፤ ቡናም አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዳርቻ ነዋሪ