ኤክስቴንሽኖቻችሁን ለምን ጠራርገን እንደምናጠፋ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ትንሽ ከፍቶኝ ነው። ልደብቀው ብሞክርም ከአጻጻፌ ታውቁብኛላችሁ።

ነገሩን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለ ኢንተርኔት የምትከፍቱበት ፕሮግራም) የተጠለፈ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ቤታችን ሲመጣ፣ ላዩ ላይ ያገኘነውን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ በሙሉ ማጥፋት ጀምረናል። ጥሩውንም መጥፎውንም። መልሰንም አንጭንም። ያጸዳነው ማሽን አዲስ ነገር ተጭኖበት በዚያው በሽታ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ እንደ አዲስ ሥራ እናስከፍላለን። ድሮ በነፃ ነበር የምናየው።

ከዚያ ወዲህ ያልሰማሁት ነገር የለም። «የኔን ዕቃ ማን ንኩ አላችሁ?» ያሉኝ አሉ። «ገንዘብ ፍለጋ ነው» ያሉም አሉ። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ራሳችሁ ትከታላችሁ፣ ራሳችሁ ታወጣላችሁ» አሉኝ። ይቺ ነገር እንቅልፍ ነስታኛለች። ቆየት ብዬ እመለስባታለሁ።

ይቅርታውን ላስቀድም። አሠራሩን ስንቀይር ለያንዳንዳችሁ በአፍ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን ዝም ማለታችን ልክ አልነበረም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለውሳኔው ግን አልጠይቅም። ለምን እንደማልጠይቅ ልንገራችሁ።

መጠለፍ የምንለው ይህንን ነው። ብራውዘሩን ስትከፍቱ የማታውቁት ገጽ ይመጣል። አንድ ነገር ስትፈልጉ ፍለጋው በሌላ በር ዞሮ ማስታወቂያ ተሸክሞ ይመለሳል። አንዳንዱማ ገጹ ከምታውቁት ጋር ስለሚመሳሰል ለወራት ሳይነቃበት ይኖራል። የጠላፊው ገቢ ከዚያው ነው። ፍለጋችሁ በሱ በኩል ባለፈና ማስታወቂያ በተነካ ቁጥር ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ገድሎ አይገድለውም። የምትታለብ ላም አትታረድም። «ታዲያ እኮ ይሠራል፣ ምን ጎዳኝ?» የምትሉትም ለዚህ ነው።

አሁን አንዲት ላፕቶፕ ላሳያችሁ። ያመጧት ደንበኛችን የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ክሮም ሲከፈት የማያውቁት የፍለጋ ገጽ ይመጣል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መነሻ ገጹን አስተካከለ። ዘግቶ ከፈተው፣ ተመልሶ መጣ። ሾርትከቱን (ክሮምን ለመክፈት የሚጫኑትን ምልክት) ፕሮፐርቲስ ብሎ ሲያየው «ታርጌት» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎበታል። ክሮምን በከፈቱት ቁጥር ያንን ገጽ ጭምር እየከፈቱ ነበር ማለት ነው። ቆረጥነው። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ስንገባ «ይህ ብራውዘር በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ላፕቶፑ የግል ነው። የትኛው ድርጅት? ጠላፊው ራሱን እንደ መሥሪያ ቤት አስመዝግቧል። ሬጅስትሪ ውስጥ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ገብቶ «ይህ ኤክስቴንሽን በግድ ይጫን» የሚል ትእዛዝ አስቀምጧል። እንዲህ የተጫነ ኤክስቴንሽን ከብራውዘሩ ላጥፋህ ቢሉት አይጠፋም። ያንንም ነቀልን። ከዚያ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ (ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት ራሱ የሚያስነሳ የዊንዶውስ ክፍል) ሌላ አገኘን። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ያጠፋነውን ሁሉ መልሶ የሚተክል።

ግማሽ ቀን ፈጀብን። ንጹሕ አድርገን አስረከብን። በሦስተኛው ቀን ደንበኛችን ተቆጥተው መጡ። ገጹ ተመልሷል። ሁሉንም እንደገና በረበርን፣ የቀረ ነገር የለም። በመጨረሻ ስንጠይቃቸው ቤት ሌላ ኮምፒውተር አለ። በአንድ አካውንት ነው የሚገቡት፣ ሲንክ (የአንዱን ብራውዘር ይዘት ወደ ሌላው የሚያዛምት አገልግሎት) በርቷል። እዚህ ያጠፋነውን ኤክስቴንሽን የቤቱ ኮምፒውተር በሲንክ መልሶ ልኮልናል። እኛ በበሩ ስናስወጣው እሱ በመስኮት ይገባል።

ለሁለተኛው ጊዜ አላስከፈልኩም። ለሦስተኛም መጥተው ነበር፣ ያኔም አላስከፈልኩም። በሦስተኛው የተመለሰው ግን «የዋጋ ቅናሽ ይፈልግልኛል» ብለው ራሳቸው የጫኑት አዲስ ኤክስቴንሽን ነበር። የሚሠራልኝ የገዛ ልጄ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ግን ደመወዝ የምከፍላቸው ሁለት ልጆች አሉኝ። ኪራዩ ጨምሯል፣ የመለዋወጫው ዋጋ ጨምሯል። የነሱ ግማሽ ቀን ከሰማይ አይወርድም።

«እሺ መጥፎውን አጥፉ፣ ጥሩውን ለምን?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቼ መማል አልችልም ነው። ኤክስቴንሽን ስትጭኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃዎን ማንበብና መቀየር ይችላል» የሚል መልእክት ይወጣል። ማንም አያነበውም። ሁሉም ድረ ገጽ ማለት ባንካችሁንም ኢሜይላችሁንም ይጨምራል። ይህን ፈቃድ ማስታወቂያ የሚከለክለው ደህና ኤክስቴንሽንም ይጠይቃል፣ ሌባውም ይጠይቃል። ስለዚህ በፈቃዱ ብቻ አይለዩም።

በስሙና በዝናውስ? ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ኤክስቴንሽን ነበር። የማትጠቀሙበትን ታብ እያስተኛ ሜሞሪ ይቆጥባል። እኔ ራሴ ለብዙዎቻችሁ ጭኜላችኋለሁ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሠራው ሰው ማንነቱ ላልታወቀ ገዢ ሸጠው። በየካቲት 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አወጣው፣ በሰዉ ብራውዘር ላይም እንዳይሠራ አደረገው። ስሙ ያው፣ ምልክቱ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚሉት ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የሆነው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የኤክስቴንሽን ሠሪዎች ከጉግል የመጣ የሚመስል የውሸት ኢሜይል ደረሳቸው። የተታለሉት በገዛ እጃቸው ፈቃድ ሰጡ። ሌቦቹ በነሱ ስም መርዝ ያለበትን አዲስ ቨርዥን በዋናው መደብር ላይ ለቀቁ። ብራውዘሩ እንደ ልማዱ ራሱን በራሱ አደሰ። ተጠቃሚው ምንም አልነካም፣ ምንም አላጠፋም። ከተጠቁት አንዱ ራሱ የመረጃ ደህንነት ድርጅት ነበር። እነሱ ከተሸወዱ እኔ በካቻቪቴ የምተዳደረው ሰውዬ «ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ይቆይ» ብዬ እንዴት ልፈርምላችሁ?

«ፓስዎርዴን አጠፋችሁብኝ» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። አላጠፋንም። ክሮም ወደ መነሻው ሲመለስ ቡክማርክ፣ የጎበኛችሁት ገጽ ታሪክና የተቀመጠ ፓስዎርድ አይነካም። የሚጠፋው ኩኪው ነው፣ ድረ ገጾች እናንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል። ከየአካውንታችሁ የወጣችሁት ለዚህ ነው፣ መልሳችሁ መግባት ብቻ ነው። የሰካችኋቸው ታቦችም ይሄዳሉ፣ ይህ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። የፓስዎርድ መያዣ ኤክስቴንሽን የነበራችሁም አትደንግጡ። ፓስዎርዶቹ ያሉበት ካዝና አብዛኛውን ጊዜ አካውንታችሁ ላይ ነው። ከሠሪው ዋና ድረ ገጽ ተነስታችሁ ራሳችሁ ጫኑትና ግቡ።

ራሳችሁ የምለው ለመገላገል አይደለም። ያጠፋነውን ሁሉ ስሙን በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን። በእውነት የሚያስፈልጋችሁን ምረጡ። አንድ ጫኑ፣ ጥቂት ቀን ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ሌላውን። ችግሩ ከተመለሰ የትኛው እንዳመጣው ወዲያው ታውቃላችሁ። አሥሩን በአንድ ቀን ከጫናችሁ ግን እናንተም አታውቁም፣ እኛም አናውቅም። እስካሁን ከሰጠኋቸው ወረቀቶች ሁሉንም መልሶ የጫነ ሰው አልገጠመኝም። አብዛኛው ሰው ሁለት ይጭናል፣ ሌላው ምን እንደነበር እንኳ አያስታውስም።

አሁን ወደዚያች ነገር ልመለስ። ራሳችሁ ትከታላችሁ ወደተባልኩት።

ያመመኝ ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ እውነት ስለነበረም ነው። ስጀምር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካቻቪቴና ነፃ ፕሮግራሞች የሞሉበት ፍላሽ ነበረኝ። ፎርማት ያደረግኩት ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ፋይል መፍቻውን፣ ሁሉንም እጭን ነበር። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። ያኔ ጫኙ ውስጥ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሳጥን ይኖራል። «ይህንንም ቱልባር ጫንልኝ» ይላል፤ ቱልባር ብራውዘሩ አናት ላይ የሚደረደር የቁልፎች መስመር ነው። ትልልቆቹም ያደርጉት ነበር፤ ከጃቫ ጋር የአስክ ቱልባር ለዓመታት አብሮ ይመጣ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኔ ለመቸኮል ስል ምልክቱን አላነሳም ነበር። ቱልባሩ ሦስትና አራት ተደራርቦ ገጹ በጠባብ መስኮት የሚታይባቸውን ኮምፒውተሮች ለሰው አስረክቤያለሁ። ሳንቲም አላገኘሁበትም። ግን በኔ እጅ ነው የገባው። አሁን ለሰው አንድም ኤክስቴንሽን በእጄ አልጭንም የምለው ከዚያ የመጣ ነው።

ልጆቹን ዛሬ የማስተምራቸው መጀመሪያ ይህንን ነው። ፕሮግራም ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዱ። ፍለጋ ላይ አናት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፣ ትልቁ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» የሚለው ቁልፍም እንደዚያው። ሲጫን «የሚመከር» የሚለውን ትታችሁ «ከስተም» የሚለውን ክፈቱ፣ ሳጥኖቹን አንብቡ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የማይፈለጉ አፖችን የሚያግድ መቆጣጠሪያ አለ፣ መከፈቱን አረጋግጡ። እናንተም ቤታችሁ ይህንኑ ብታደርጉ እኔ ሥራ ባጣ ደስ ይለኛል። እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ። ግን ሌላ ሥራ አላጣም፣ ስክሪን ሁሌም ይሰበራል።

በስክሪናችሁ ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል» እያለ ብቅ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤክስቴንሽንም ቫይረስም አይደለም። አንድ ቀን አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ብሏችሁ ጫናችሁ። ማሳወቂያ እንዲልክ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ጋ ገብታችሁ ፈቃዱን ንጠቁት፣ አለቀ። ካቃታችሁ አምጡት፣ ለዚህ አናስከፍልም። ቆማችሁ ሳትጠብቁ ያልቃል።

ክፍያውን በተመለከተ አንድ ነገር አሻሽለናል፤ ይህን ያደረግነው ቅሬታችሁን ሰምተን ነው። ስናስረክባችሁ የኤክስቴንሽን ገጹን እናንተው ፊት ከፍተን ባዶነቱን ፎቶ እናነሳለን። ምንም ሳትጭኑ ችግሩ በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ያመለጠን እኛን ነው፣ በነፃ እንሠራለን። ገጹ ላይ አዲስ ነገር ከተገኘ ይከፈላል። በዚያው አካውንት የምትገቡበት ሌላ ኮምፒውተር ካለ አብራችሁ አምጡት፣ የሁለተኛውን በግማሽ ዋጋ እናየዋለን። ስንሠራ አጠገባችን መቀመጥ የምትፈልጉም ወንበር አለ። ምን እንደምንከት፣ ምን እንደምናወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ከናንተ ውስጥ የመጀመሪያ ላፕቶፓቸውን እኔ ያጸዳሁላቸው፣ ዛሬ የልጆቻቸውን የሚያመጡ አሉ። የምከፍለው ባጣሁበት ወር ቀድመው ከፍለው የደገፉኝ አሉ። ማንነታችሁን ታውቁታላችሁ፣ እኔም አልረሳሁትም። ለዚህ ብዬ ነው ቅር ያላችሁን በዝምታ ማለፍ ያልቻልኩት።

ያን ቀን በቁጣ የወጡት የድሮ ደንበኛዬ፣ ይህ ከደረሰዎት፣ ቻርጀርዎን ረስተው ሄደዋል። ስምዎን ጽፌበት መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የጠፉት ኤክስቴንሽኖች ዝርዝርም በላስቲክ ታስሮ አብሮት አለ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት