ካሴቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁም።

የፊታችን ቅዳሜ ዜድ ኤክስ ስፔክትረሞቻችንን እንከፍታለን። ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ለገበያ ያወጣት ያቺ ጥቁር ትንሽ ኮምፒውተር ናት።

ቁልፎቿ ላስቲክ ናቸው፤ ልክ ላጲስ የመጫን ያህል። የ«ፒ»ን ቁልፍ አንዴ ስትነኩ «ፕሪንት» የሚለው ትእዛዝ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ዱብ ይላል። ቀለም ላይ ግን ቆጣቢ ናት። ስምንት በስምንት ነጥብ በሆነች ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ስለዚህ ቀይ ሰውዬ በአረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ዛፉም አብሮ ሊቀላ ይችላል።

እኔን የሚያንሰፈስፈኝ ግን ካሴቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚጫነው ከተራ የቴፕ ካሴት ነው። መጀመሪያ ረጅም ፉጨት ይሰማል፣ ቀጥሎ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። በስክሪኑ ዳር ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ይሯሯጣሉ። 48 ኪሎባይት የሚይዘውን ሜሞሪዋን ለመሙላት አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መሀል ላይ ቴፑ ከተንገጫገጨ እንደገና ከዜሮ ነው። ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንጠብቀው!

ያረጁ ካሴቶች ያሏችሁ አደራ አትጣሏቸው። አምጧቸውና ወደ ኮምፒውተር እንገልብጣቸው፤ ቴፕ እያደር ይበላሻል። የቴፕ ማጫወቻችሁን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ጠርጋችሁ ብትመጡ ጊዜ እናተርፋለን።

አንድ ነገር ብቻ፦ ያገኛችሁትን ቻርጀር እንዳትሰኩ። የስፔክትረም መሰኪያ መሀሉ ኔጌቲቭ ነው፤ የብዙዎቹ ቻርጀሮች ግን ፖዘቲቭ ነው። የራሷን ይዛችሁ ኑ።

ቅዳሜ ያገናኘን።