ተማሪው እንዲናገር መጽሐፉ ቦታ ይስጠው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቻችን አይናገሩም እየተባለ ይወቀሳሉ፤ የሚማሩበት መሣሪያ አፋቸውን እንደሚይዘው ግን ብዙም አይነሳም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የገባውን ፕላዝማ፣ ማለትም ትምህርት በሳተላይት የሚተላለፍበትን ቴሌቪዥን፣ ያስታውሱታል። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና፣ ተማሪው ገና ቃል ሲፈልግ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ደግሞ ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

መጽሐፍም ከዚህ አይርቅም። "ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ" ይላል፤ ከሥሩ ያለው ግን አንድ መልስ ብቻ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ያንን የሞላ ልጅ ምን የሚያወያየው ነገር አለ?

በቅርቡ የገበያ ዋጋ ዝርዝር ለሁለት ከፍዬ፣ አጠገብ ለአጠገብ ለተቀመጡ ልጆች ግማሽ ግማሹን ሰጠሁ። አንዱ የሽንኩርቱን ዋጋ ለማወቅ ሌላውን መጠየቅ ግድ ሆነበት። ከኋላ ዴስክ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች ሳይቀሩ ጠየቁ፣ አስደገሙ፣ ዋጋው ተወደደ ብለው ተከራከሩ። ሰዋስዋቸው ይሰባበር ነበር፤ ንግግሩ ግን የራሳቸው ነበር።

መጽሐፍ አዘጋጆች መልመጃውን ከማሳተማቸው በፊት ልጆቹን የሚያነጋግር ምክንያት እንዳለው ይፈትሹልን። መምህሩም መልመጃ ሲለውጥ ከመጽሐፉ ወጣ ተብሎ አይጠየቅ።

ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር