የፌሬት ቀን ሲከበር የእንስሳው ፍላጎትም ይነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአሜሪካ በየዓመቱ ኤፕሪል 2 ቀን የሚከበረው ብሔራዊ የፌሬት ቀን፣ ያማሩ ፎቶግራፎችን ከማሳየት ያለፈ ቁም ነገር እንዲኖረው ስለምፈልግ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ፌሬት ከ2,000 ዓመታት በላይ ከሰው ጋር የኖረ፣ ቀድሞ ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት ያገለግል የነበረ፣ ቀጭንና ረጅም ሥጋ በል እንስሳ ነው።

በዓሉን አይቶ ለልጆቹ ፌሬት ለመግዛት የሚነሳ ወላጅ ግን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እንስሳው በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ቢተኛም፣ ሲነቃ ከማደሪያው ወጥቶ ለመሮጥ ቦታና የቅርብ ክትትል የሚሻ፣ የእብድ ውሻ በሽታና የዲስቴምፐር (ውሾችንና ፌሬቶችን የሚይዝ አደገኛ የቫይረስ በሽታ) ክትባት የሚያስፈልገው፣ ዕድሜው ሲገፋም በአድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት አጠገብ ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) በሽታና በቆሽት ዕባጭ በብዛት የሚታመም በመሆኑ፣ የሕክምናው ወጪ ከመግዣው ዋጋ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። የሰው ኢንፍሉዌንዛም ይይዘዋል፤ በ1933 እ.ኤ.አ. በለንደን ተመራማሪዎች የሰውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የለዩት በፌሬቶች አማካይነት ነበር። ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው የቤተሰብ አባል እስኪሻለው ድረስ እንስሳውን ባያቅፍ መልካም ነው።

በካሊፎርኒያና በሃዋይ ፌሬትን በቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ መሆኑ፣ በተለይ ከግዛት ወደ ግዛት ለሚዘዋወሩ ወገኖቻችን ሊነገር ይገባል። ጋዜጣዎ በመጪው ኤፕሪል ስለዚህ ሁሉ የእንስሳት ሐኪም አነጋግሮ እንዲያስነብበን፣ ባለቤት ያጡ ፌሬቶችን ስለሚያስጠጉ መጠለያዎችም እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ